ሶርን ሳያሻግራት

የቡና አበባ ሽታ ዛሬም በየዓመቱ ሳላስበው ይመጣብኛል። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ጓሮው ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ ያ ጣፋጭ ሽታ ከርጥብ አፈር ጋር ተደባልቆ ፊቴን ሲመታኝ፣ መልሼ የሰባት ዓመት ልጅ እሆንና መቱ ውስጥ በአጎቴ ግቢ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ፣ በመንገዱ ቀስ እያለ የሚመጣ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው አያለሁ። ያ ሰው አባቴ ነበር። እኔ ግን አላወቅኩትም ነበር።

አባቴ ደበላ ይባላል። እኔ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ቀፎ በሚሰቀልበት አንድ ዛፍ ምክንያት ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ በያዘው ዱላ መታው፤ የሰውየው ክንድ ተሰብሮ እንደገና ሳይቀና ቀረ። አባቴም ተፈርዶበት ጎሬ አራት ዓመት ታሰረ። እናቴ በዚያው ዓመት ፍቺዋን ጠይቃ፣ እኔን አዝላ፣ መቱ ወደሚኖረው ወደ ታላቅ ወንድሟ ወደ ጋሼ አሰፋ ቤት ገባች። ጋሼ አሰፋ ከነጻነት በኋላ ከሸዋ ለሥራ የመጣ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ቤቱ ሁሉ በእግር ጣቱ ነበር የሚሄደው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጫማ የገዛልኝም፣ ትምህርት ቤት ያስገባኝም እሱ ነው። የአባቴ ስም ግን በዚያ ቤት አይነሣም ነበር፤ ሲነሣም «ያ ሰው» ተብሎ ነበር።

አባቴ ከእስር በወጣ በሳምንቱ መጥቶ ከበሩ ውጭ ቆመና ልጄን ልያት አለ። ጋሼ አሰፋ በረንዳው ላይ ሆኖ፣

«አራት ዓመት ማን አሳደጋት? አሁን የእስረኛ ልጅ ተብላ ልትጠራ ነው?» አለው።

«ልወስዳት አልመጣሁም፣ ጋሼ። ላያት ነው የመጣሁት።»

«ምን ሠርተህ ነው የምታድረው?»

«እሸምናለሁ። እዚያው ተማርኩ።»

ጋሼ አሰፋ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ሰማሽ? ገበሬ ሆኖ ገባ፣ ሸማኔ ሆኖ ወጣ» አለ። ያን ጊዜ ሸማኔ መባል ከእስረኛ መባል ብዙም የማይሻል ስድብ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ ዳኛ ፊት ደርሶ፣ ዳኛውም ለቤተ ዘመድ ዳኞች መልሶ ሰጠው። አንድ ሰው ከእናቴ ወገን፣ አንድ ሰው ከአባቴ ወገን፣ መካከል ላይ ደግሞ ሁለቱም የሚያከብሯቸው ግራዝማች ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀመጡና ከፋሲካ በኋላ ቃላቸውን ሰጡ። እኔ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ቀትር በተከራየው ቤት ሊያየኝ ይችላል፤ ነገር ግን የታመነች ሴት አብራ ትቀመጣለች፣ የቤቱ በር አይዘጋም፣ አባቴም ይዞኝ እንዳይጠፋ ዋስ ጠርቶ ሶርን ላያሻግረኝ ይፈርማል። ሶር ከከተማው በታች የሚወርደው ወንዝ ነው። የአባቴ አገር፣ የእናቱም ቤት ከወንዙ ማዶ ካለው ጫካ ጀርባ ነበር። አባቴ መጻፍ ስለማያውቅ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፍ፣ «በሩ ሳይዘጋ፣ ሶርን ሳያሻግራት» የሚለውን ግራዝማች ሁለት ጊዜ አነበቡለት።

የታመነችው ሴት አዴ ዲንቄ ነበሩ። አዴ በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ እኛም በአማርኛችን መካከል እንዲሁ እንጠራቸው ነበር። አጭር፣ ወፍራም፣ አፋቸው የማያርፍ ባልቴት ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት እንዝርታቸውንና ጥጣቸውን በቅርጫት ይዘው መጥተው፣ «ነይ፣ የዳኞች ልጅ፣ እንሂድ» ይሉኝና እጄን ይዘው ቁልቁል ይወስዱኝ ነበር። ዓርብ ማታ እናቴ ጸጉሬን ፈትታ እንደ አዲስ ትሠራኝ ነበር። ስለ አባቴ በጎም ክፉም ተናግራ አታውቅም፤ የዓርብ ሹሩባዬ ግን ከሌላው ቀን ይልቅ ቀጭን፣ ከሌላው ቀን ይልቅ ጥብቅ ያለ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

እኔ ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ሲናገር ልጅ አይመልስም፣ ሴት ልጅ ደግሞ ቀና ብላ አታይም እየተባልኩ አድጌ፣ ይህም ከተፈጥሮዬ ጋር ገጥሞ፣ ሰው ሲጠይቀኝ መሬቱን በእግሬ ጣት እየጫርኩ ዝም ማለት ነበር የማውቀው። የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች አባቴም እኔም እንዲሁ አሳለፍናቸው። እሱ እግሩን ከመሸመኛው ጉድጓድ አስገብቶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል፤ እኔ ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጬ አያለሁ፤ አዴ ዲንቄ ደግሞ የሁለታችንን ድርሻ ጨምረው ያወሩልናል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቅዳሜ አባቴ ክር የሚጠቀለልበት አንድ ቀሰም አንሥቶ፣ ማጉ እንዴት እንደሚጠነጠን አሳይቶ በእጄ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው አገኘሁ። እኔ አጠነጥናለሁ፣ እሱ ይወስዳል፣ ባዶውን ይመልስልኛል። ጣቶቹ ጣቶቼን የሚነኩት ያኔ ብቻ ነበር።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የኢሉባቦር ክረምት እንደ ሌላው አገር ክረምት አይደለም፤ ሰማይና ምድር ተያይዘው ይከርማሉ። ዝናቡ ጠዋት ይጀምርና የሚያበቃ አይመስልም፤ ዛፎቹ ጭጋግ ውስጥ ገብተው አንዳንዴ ጫፋቸው ብቻ፣ አንዳንዴ እግራቸው ብቻ ይታያል። በእንዲህ ያለ ቀን የአባቴ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር የሚውለው፤ የዳኞቹ ቃል ነዋ። ውኃው በደጃፉ ገብቶ ወደ መሸመኛው ጉድጓድ መውረድ ሲጀምር አባቴ ተነሥቶ በሩን ትንሽ ጠጋ ያደርገዋል፤ አዴ ዲንቄም ወዲያው፣

«አንተ ደበላ! ዳኞቹ ገርበብ ይሁን አላሉም፤ አይዘጋ ነው ያሉት!»

«አዴ፣ ድሩ ረጠበ እኮ።»

«ይርጠባ! የረጠበ ይደርቃል። የእኔ መሐላ ግን አይደርቅም። ክፈት!»

እሱም እየሳቀ ይከፍትና በመጥረቢያ ጀርባ ጭቃ ደልድሎ ደጃፉ ላይ ትንሽ ግድብ ይሠራል። ውኃው ግድቡ ጋ ደርሶ፣ ዞር ብሎ፣ ሌላ መንገድ ሲፈልግ እናየዋለን። ነፋሱ ዝናቡን ወደ ውስጥ ሲነፋው አዴ ዲንቄ ሰፊ የኮባ ቅጠል ከፊታቸው ይዘው ከቅጠሉ ጀርባ ሆነው ይፈትላሉ፤ እኔን አባቴ በጋቢው ጫፍ ይሸፍነኛል፤ ድምፁም ከዝናቡ ጋር እየተቀላቀለ ስለ ማዶው አገር ይነግረኝ ነበር። ከእናቱ ጎጆ በስተጀርባ ስላለው ምንጭ፣ ከዛፍ ላይ ቀፎ በጨለማ ሲወርድ ንቦቹ ስለሚያሰሙት ጉምጉምታ፣ ነጭ ካባ እንደ ለበሱ ሹማምንት ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስለሚዘሉ ጉሬዛዎች ይነግረኛል። እያጠነጠንኩ ስሰማ እንቅልፍ ይሁን እውን ሳይለይልኝ፣ ማዶው አገር ሰው የማይደርስበት፣ የአባቴ ድምፅ ብቻ የሚደርስበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። ስለ እስር ቤቱና ስለ ሰውየው ክንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግሯል። «በቁጣ የያዝኩት ዱላ ነው፣ ኢንተለ ኮ፤ ባልይዘው ኖሮ አንቺን ይዤ ነበር» አለኝ። ኢንተለ ኮ ልጄ ማለት ነው። ሌላ ሰው እንዲያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ታጥቦ እንደተሰጣ ልብስ ጠራ። በአንዱ ቅዳሜ አባቴ ለአንድ ነጋዴ የሠራውን ጋቢ የሚያጥብበት ቀን ስለነበረ፣ ሦስታችንም ወደ ሶር ወረድን። እስከ ወንዙ ዳር መሄድ አልተከለከለም ነበር፤ አዴ ዲንቄም ይህን ደጋግመው አስበውበት፣ «ዳር ዳር ነው፣ ማዶ ማዶ ነው» ብለው ፈቅደዋል። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ጋቢውን በእንዶድ አረፋ ድንጋይ ላይ ይደበድብ ጀመር። አዴ ዲንቄ ሣሩ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ሲፈትሉ ቆይተው፣ ፀሐዩ ጀርባቸውን ሲያሞቃቸው እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀና አንቀላፉ።

ያኔ ነው ጉሬዛውን ያየሁት። ከማዶ በኩል ውኃው ላይ ከተጋደመ ዛፍ ጫፍ ተቀምጦ፣ ረጅም ነጭ ጭራው ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። አባቴ እንደ ነገረኝ እውነትም ካባ ለብሷል። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ገበያተኛ የሚሻገርባቸው ሁለት የተጣመሩ ግንዶች ነበሩ። ተነሣሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ መናገር ልማዴ አልነበረም። ግንዱ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር፤ ከሥሩ ውኃው የሚሄድ ሳይሆን እኔ ከግንዱ ጋር ወደ ላይ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። ማዶ ስደርስ ጉሬዛው ዘለለ፤ ተከተልኩት። ከጫካው ውስጥ ብርሃኑ አረንጓዴ ነበር፤ ከላይ ቅጠል ተንኮሻኮሸ፣ ነጭ ነገር ብልጭ አለ፣ እንደገና ራቀ። ምን ያህል እንደሄድኩ አላውቅም። ከዚያ ከኋላዬ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ። አባቴ ነበር፤ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። አልተቆጣኝም። አንሥቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝና በሁለት እጁ እግሮቼን አጥብቆ ይዞ ወደ ግንዱ ተመለሰ።

እኛ ግንዱ መካከል ስንደርስ፣ ከማዶ ዘመድ ጠይቃ የምትመለስ አንዲት ጎረቤታችን ከኋላችን ቆማ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ያየችውን ነው የተናገረችው፤ ደበላ ልጅቱን ተሸክሞ ከማዶ ሲመጣ አየሁ ብላ። ጸሐይ ሳትጠልቅ ጋሼ አሰፋ ሰምቶ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም በግራዝማች ወልዴ ግቢ ተሰበሰብን። አባቴ ነጠላውን አደግድጎ ከዳኞቹ ፊት ቆመ። እኔ ከእናቴ አጠገብ ነበርኩ። የሆነውን የምናውቅ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን፤ ብቻዬን ነው የተሻገርኩት የሚለው ቃል ከተነገረ አባቴ ነጻ እንደሚሆን፣ ካልተነገረ ቅዳሜዎቼ እንደሚያልቁ ልጅ ብሆንም ገብቶኝ ነበር።

ግራዝማች፣ «ደበላ፣ ሶርን አሻግረሃታል?» አሉ።

«ከማዶ ይዣት ተመልሻለሁ፣ ጌታዬ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ። አንተ ነህ ያሻገርካት?»

አባቴ ወደ እኔ አየ። ጋሼ አሰፋም ወደ እኔ አየ። በዚያ ቤት ያለ ፈቃድ ከግቢ የወጣች ልጅ ምን እንደሚጠብቃት አባቴ ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ ዓይኑን ከእኔ አንሥቶ፣

«ልጅ ወደ ሄደበት የሄደው ጠባቂው ስላልጠበቀው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

ከአባቴ ወገን የተቀመጡት ሽማግሌ፣ «ልጅቱ ራሷ ትጠየቅ እንጂ!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ግራዝማች እጃቸውን ዘርግተው፣

«ነይ፣ የእኔ ልጅ፣ አትፍሪ። ማነው ያሻገረሽ?» አሉኝ።

እናቴ ከኋላ ቀስ ብላ ገፋችኝ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ እንደ ጠጠር ምላሴ ላይ ክብደቱ ይሰማኝ ነበር። ሁሉም ያዩኛል። ዓይኔ መሬት ወረደ፤ የእግሬ ጣት አፈሩን ይጭር ጀመር። ሁለተኛ ጠየቁኝ። ሦስተኛ ጠየቁኝ። ጭሬ ጭሬ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ሠራሁ።

«አያችሁ፣ ፊቱ ቆማ እንዴት ትናገር፤ ፈርታዋለች» አለ ጋሼ አሰፋ።

ይህን ጊዜ አዴ ዲንቄ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ።

«እኔ እንቅልፍ ወስዶኛል፤ አልዋሽም፣ ካሻችሁ እሰሩኝ። ያላየሁትን አየሁ አልልም። ግን ይህችን ልጅ ምን ብላችሁ ነው የምትጠይቋት? ስድስት ወር አብሬያት ስቀመጥ ውኃ ጠማኝ ብላኝ አታውቅም! እኔንስ ፈርታኝ ነው? እኔን ማን ይፈራል?»

ሰዉ ሳቀ። ጋሼ አሰፋ እንኳ ጺሙን ዳሰሰ። ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ሁሉ በዚያ ሳቅ የሚያልቅ መሰለኝ። ዳኞቹ ግን ራስ ለራስ ገጥመው ተነጋገሩና፣ የተፈረመው ፈርሷልና እስከሚመጣው መስከረም ደበላ ልጁን እንዳያይ አሉ። አባቴ እጅ ነሥቶ ወጣ። ከበሩ ሲደርስ ዞር አላለም። እናቴ እጄን ያዘች፤ እጇ ውስጥ እጄ በረዶ ሆኖ ነበር።

በኅዳርና በታኅሣሥ ቡናው ቀልቶ፣ ለቀማው ደርሶ፣ በየግቢው ቀይ እሸት እየተሰጣ ቀስ በቀስ ይጠቁር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የሚወስደኝ ሰው የለም። አጥሩ ጥግ ሄጄ ስቆም፣ አባቴ የሸመነውን ጨርቅ ትከሻው ላይ አጥፎ በመንገዱ ወደ ገበያ ያልፋል። ዳኞቹ መንገዱን አልከለከሉትም፤ ይሁን እንጂ እሱ ራሱ ቃል አክብሮ ወደ እኔ አያይም ነበር። እርምጃው ብቻ የእኛ አጥር ዘንድ ሲደርስ ዝግ ይላል፤ በዚያች አጥር ልክ እንደ አረጀ ሰው ይሄድና ካለፈ በኋላ እንደገና ወጣት ይሆናል። አንድ ቅዳሜ እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። እሱ እስኪያልፍ ድረስ እጇን ጸጉሬ ላይ አድርጋ ቆየች። ያኔ ልነግራት እችል ነበር። ዞር ብዬ ሳያት ዓይኗ እንባ ስላቀረረ ቃሌ ተመልሶ ወረደ።

በመጋቢት አባቴ ማለፉን ተወ። የተከራየው ቤት ባለቤት ለልጁ ስለፈለገው አስለቅቆት፣ ከጎሬ ወዲያ ቡሬ ካለ ዘመዱ ዘንድ መሄዱን አዴ ዲንቄ በአጥር በኩል ነገሩኝ። መስከረም ሲመጣ እንዲያየኝ ተፈቀደለት፤ ቡሬ ግን ለአንዲት ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ሄዳ ቀትር የምትመለስበት አልነበረም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሲበዛ ሁለት ጊዜ መጥቶ በጋሼ አሰፋ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያየኝና ይሄድ ነበር። እኔም እንዲሁ አድጌ፣ ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ ትምህርቴን ትቼ ቤት ዋልኩ፤ ቆይቶም አገባሁ።

ያን እሑድ ግን ሁልጊዜ ተሸክሜው ኖርኩ። ያባከንኩት የአባቴን ዓመት፣ ከዓመቱም በኋላ የመጣውን ሁሉ ነው ብዬ አምን ነበር። ባለፈው ዓመት ጋሼ አሰፋ ታሞ ልጠይቀው ሄድኩ። ከሥራው ጡረታ ወጥቶ፣ ሰውነቱ ቀሎ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ፣ ብዙ ሳላስብ፣ አንድ ጊዜ ተንፍሼ፣

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ሶርን ብቻዬን ነበር የተሻገርኩት። አባባ አላሻገረኝም» አልኩት።

ስለ ምን እንደማወራ አልጠየቀኝም። ጉልበቱን በመዳፉ ሲያሻሽ ቆየ።

«ያን ዕለት ይህንን ብትናገሪ ኖሮ አናምንሽም ነበር፣ ልጄ» አለኝ በመጨረሻ። «አባቷ አስጠንቶ ላካት እል ነበር። እኔው ነኝ የምለው። ከእስር ቤት የወጣ ሰው የሚናገርለት ሁሉ ያስጠናው ይመስል ነበር።»

ከዚያ ቀጥሎ፣ «አንቺ እኮ ልጅ ነበርሽ» አለኝና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ከዚያ ዕለት ወዲህ ሸክሙ ቀለለኝ ወይስ ከበደኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ቃሌ ቢወጣም ዋጋ አልነበረውም ማለት፣ ለአንዲት ልጅ ምሕረት ነው፤ ለአባቴ ግን ምሕረት አይደለም።

አሁን ቡሬ በአውቶቡስ የምሄድበት ቀን ማንም አይወስንልኝም። ጠዋት እነሣና ትንሿን ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፤ ማንም ሰዓት አይቆጥርብንም፣ ማንም አብሮን አይቀመጥም። አባቴ ዓይኑ ደክሞ መሸመኑን ትቷል። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ተጠያይቀን ስናበቃ፣ እኔ እንደ ልማዴ ቃል ያልቅብኛል፣ እሱም ከእኔ አይሻልም፤ እንዲሁ ተቀምጠን እንውላለን። በልጅነቴ ዝም ስል ትልልቆቹ ሰዎች ሁሉ ፈርታ ነው፣ ጠልታ ነው እያሉ ዝምታዬን ይተረጉሙት ነበር። አባቴ ግን ያኔም ሆነ ዛሬ፣ ለምን ዝም አልሽ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።